በቤተሰብ ይዞታ ላይ ያለ የድሮ ዋሻ፦ ከመግባታችን በፊት ምን ይሟላ?

መርሐቤቴ_ቆላ፦
ሰላም ለመድረኩ። በጀማ ሸለቆ፣ መርሐቤቴ በኩል፣ በአጎቴ ይዞታ ላይ አንድ ዋሻ አለ። አፉ ከሰው ቁመት ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ግማሹ በድሮ ካብ ተዘግቷል። 20 ሜትር ያህል በደረቅ መሬት ይኬድና ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ እዚያ ቁልቁል የሚወርድ ጉድጓድ አለ። በዓይን ሲገመት 6 ሜትር ይሆናል፣ የለካው ግን የለም። ከሰዓት በኋላ ከአፉ ቀዝቃዛ ነፋስ ይወጣል። የሌሊት ወፍ አለ፤ ሽኮኮም ገደሉን ሞልቶታል። ሽማግሌዎች ውስጡ አጥንት አለ ይላሉ። በእጃችን ያለው 30 ሜትር የናይለን ገመድ፣ ሁለት የግንባር ባትሪና ስልኮቻችን ናቸው። ሦስት ነን፤ ለጥር መጨረሻ አስበናል። መቆፈር አንፈልግም፣ ካርታውን ማንሳት ነው የምንፈልገው። ምን ይጎድለናል?

ኖራድንጋይ፦
መጀመሪያ ዋሻው የተከፈተው በየትኛው ድንጋይ ላይ እንደሆነ ለይ። በጀማና በአባይ ሸለቆዎች ከላይ የምታየው ጥቁር ገደል ባዛልት ነው፤ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይና ጭቃ ድንጋይ አለ፣ ከዚያ በታች ነጣ ያለው ወፍራም ንብርብር የኖራ ድንጋይ ነው። ከግድግዳው ጥቂት ዱቄት በቢላ ፍቅና ኮምጣጤ ጠብ አድርግበት። አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው።

ይህን የምልህ አደጋው ስለሚለያይ ነው። ባዛልት ሥር ያሉት አብዛኞቹ ከታች ያለው ለስላሳ ንብርብር ተሸርሽሮ የቀሩ መጠለያዎች ናቸው፤ ብዙ ወደ ውስጥ አይገቡም፣ የሚያሰጋው ከጣሪያ ተገንጥሎ የሚወርደው ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ ዋሻ ግን ውሃ አሟሙቶ የከፈተው መንገድ ነው፤ ይታጠፋል፣ ይሰነጠቃል፣ ቁልቁል ይሰምጣል፣ ዝናብ ሲመጣም ውሃው ያንኑ መንገድ ይይዛል። ከገለጽከው ስነሳ ያንተ ሁለተኛው ይመስለኛል።

የውሃ ምልክት የሚፈለገው ከራስ በላይ ነው። በጣሪያ ስንጥቅ ውስጥ ጭድ፣ ቅጠል ወይም የፌስታል ቁራጭ ተሰክቶ ካየህ ያ ክፍል እስከዚያ ድረስ ይሞላል ማለት ነው። ግድግዳው ላይ የደረቀ የጭቃ መስመር ካለም ቁመቱን ለካና ጻፍ። ሶፍ ዑመርን አስብ፦ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው የወይብ ወንዝ ነው፣ ዝናቡ ግን የሚዘንበው ራቅ ብሎ ባሌ ተራሮች ላይ ነው። ዋሻው አፍ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። እናንተ ጋም ከላይ ካለው ደጋ የሚወርደው ውሃ በስንጥቅ ነው የሚመጣው። ጥር ጥሩ ወር ነው። ወደ መጋቢት ከገፋ በልግ ስላለ አልወደውም፤ ክረምት ፈጽሞ አይታሰብም።

ስለ ነፋሱ፦ ቀን ላይ የውስጡ አየር ከውጭው ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ይከብድና በታችኛው አፍ ይፈሳል። ከላይ በሆነ ቦታ ሌላ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ጧት 12 ሰዓት ላይ የሚጨስ የጥጥ ክር አፉ ላይ ያዝ፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ግምቱ ትክክል ነው። ለአግድሙ መተላለፊያ ደስ የሚል ነገር ነው። ለጉድጓዱ ግን ዋስትና አይሆንም፤ ታች መውጫ ከሌለው ነፋሱ ከላይ ከላዩ ያልፋል እንጂ አይደርስበትም።

የእኔ አስተያየት፦ በመጀመሪያው ቀን ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቁሙ፣ ለኩ፣ ተመለሱ።

የወረዳ_ሰው፦
ከገመዱ በፊት ወረቀቱ ይቅደም። ብዙ ሰው «የአጎቴ መሬት ስለሆነ ማን ይጠይቀኛል» ይላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አጎትህ ያላቸው የይዞታ መብት ነው። በላዩ ላይ ማን ይግባ ማን አይግባ የማለት መብት አላቸው፣ በውስጡ የሚገኝ ቅርስ ግን የእሳቸው አይደለም። በክልላችን ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ስላለ ሁለቱንም አስፈቅድ። አክስትህ ሳያውቁ ከገባህ ነገሩ ከዋሻው ሌላ ጣጣ ያመጣል።

የዋሻው አፍ በአጎትህ ማሳ ይሁን እንጂ ሆዱ በጎረቤት ሥር ሊያልፍ ይችላል። አዋሳኞቹን በስም ዘርዝረህ ንገራቸው። ቦታው የቤተ ክርስቲያን ይዞታ የሚነካ ከሆነ ወይም ጠበል ካለበት የደብሩን አስተዳዳሪ ሳታነጋግር እግርህን አታንሳ። ቀበሌውም በደብዳቤ ይወቅ፤ ሚሊሻዎቹ የትኛው ቀን እንደምትመጡ፣ ስንት እንደሆናችሁና በየትኛው መንገድ እንደምትገቡ ሊነገራቸው ይገባል። በዚህ ጊዜ በገደል ሥር መብራት ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው ምን እንደሚመስል አትርሳ። አካባቢው ጸጥ ካላለ ሌላ ዓመት ይደርሳል።

ትልቁ ጣጣ ግን ወሬው ነው። «ወርቅ ሊያወጡ ነው» መባሉ አይቀርም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዶማ፣ አካፋ፣ ብረት መፈለጊያ የሚባል ነገር ይዛችሁ አትምጡ። ስትገቡ አጎትህና ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት ቦርሳችሁን ገልብጣችሁ አሳዩ፣ ስትወጡም እንዲሁ። አንድ ገጽ ወረቀት በሁለት ቅጂ ጻፉ፦ የሚገቡት ሰዎች ስም፣ ቀኑ፣ ምንም እንደማይቆፈርና እንደማይወሰድ፣ የካርታው አንድ ቅጂ ለባለይዞታው እንደሚሰጥ። ፈርሙበት። አንድ ሰው ቢጎዳ ባለይዞታው እንደማይጠየቅም ጨምሩበት፤ ፍርድ ቤት ምን ያህል እንደሚያስኬደው ሌላ ነገር ነው፣ የአጎትህን ልብ ግን ያሳርፋል።

ገመድና_ቋጠሮ፦
ያ የሱቅ ገመድ ለከብትና ለጭነት ነው። ናይለን ቢባልም አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን የተባለ የተጠማዘዘ ፕላስቲክ ነው፣ በ165 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ በብረት ላይ ተሽከርክሮ ሰው ሲያወርድ የሚፈጠረው ሙቀት ፊቱን ያለሰልሰዋል፣ የኖራ ድንጋይ ጠርዝ ደግሞ እንደ መጋዝ ይበላዋል። ምን ያህል እንደሚሸከም የሚያረጋግጥ ማኅተም የለውም፤ ቋጠሮም አይዝለትም፣ ያንሸራትታል። የሚያስፈልገው ከ10 እስከ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ብዙ የማይለጠጥ፣ ውስጡ ክር ውጭው ሸማ የሆነ ገመድ ነው። ጫፉ ላይ «ኢኤን 1891 ዓይነት ኤ» የሚል ምልክት ይፈለጋል፤ ያ ማለት ቢያንስ 22 ኪሎ ኒውተን፣ ወደ 2200 ኪሎ የሚጠጋ ጭነት ይችላል። ባለስምንት ቋጠሮ ስትቋጥርበት ሲሶ ያህሉን አቅም እንደምታጣ ቁጠር።

ገመዱ ቢገኝም ችግሩ አላለቀም። መውረድ ማንም ይወርዳል፤ ጉዱ ያለው መውጣቱ ላይ ነው። ጉድጓዱ ወደ ውስጥ የገባ ግድግዳ ካለው እግር የሚያርፍበት የለም፣ በክንድ ብቻ የሚወጣ ሰው ከሦስት ሜትር በላይ አይሄድም። ስለዚህ በገመድ ላይ የሚወጡበትን ሁለት መያዣ ወይም ባለ6 ሚሊ የፕሩሲክ ቀለበት (በዋናው ገመድ ላይ ተጠምጥሞ ክብደት ሲያርፍበት የሚይዝ ቀጭን ገመድ) መጠቀም የማይችል ሰው ጉድጓድ አይወርድም። ልምምዱ በቀን ብርሃን፣ ዛፍ ላይ፣ መሬት ሊነካ በሚችል ከፍታ ይሁን። የሚፈተነው መውጣቱ ብቻ አይደለም፤ እየወረዱ መሀል ላይ ቆሞ ወደ መውጣት መቀየር መቻል አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሰውን በወገቡ ወይም በደረቱ አስሮ ቁልቁል መስደድ የለም። ክብደቱ በሙሉ ሆዱ ላይ ሲያርፍ መተንፈስ ያቅተዋል። በደንበኛ ቀበቶ (ወገብንና ጭንን አብሮ በሚይዘው) ላይ ያለም ሰው ቢሆን ሳይንቀሳቀስ ከተንጠለጠለ ደሙ ወደ እግሩ ይወርድና በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ስለዚህ ከላይ ሆኖ ሊያወርደው ወይም ሊጎትተው የሚችል ሰው መኖር አለበት። ገመዱ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይታሰር፤ በተንጠለጠለ ወይም ከወለል በበቀለ የኖራ ጠብታ ላይ ግን አይታሰርም፣ ሥሩ ጭቃ ላይ ሊሆን ይችላልና። ገመዱ ጠርዝ በሚነካበት ቦታ ሁሉ የታጠፈ ጆንያ ወይም የድሮ ምንጣፍ አንጥፉበት፤ እሱም ራሱ ይታሰር፣ ካልሆነ ተንሸራቶ ይሄዳል።

ጥልቀቱን ለመለካት ድንጋይ አትወርውሩ። ታች ምን እንዳለ አታውቁም፤ አጥንት አለ ተብሏል፣ ወፎቹም ይረበሻሉ። ሲባጎ ላይ በየሜትሩ ቋጠሮ አድርጋችሁ ጫፉ ላይ ግማሽ ኪሎ የሚሆን ነገር ሰቅላችሁ አውርዱ። በነገራችን ላይ በጨለማ ወደ ታች የሚገመት ጥልቀት ሁልጊዜ ያታልላል፤ «6 ሜትር» ያላችሁት 12 ቢሆን አልደነቅም።

ድሬ_ጠያቂ፦
ሰው ይሄን ሁሉ ገንዘብ ከየት ያምጣ? ስድስት ሜትር ከሆነ የባሕር ዛፍ መሰላል ይበቃል። ለአየሩም ሻማ ለኩሶ በክር ማውረድ ነው፤ ከበራ ይገባል፣ ከጠፋ አይገባም። ጉድጓድ ቆፋሪዎች ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

ኖራድንጋይ፦
ሻማ ከጠፋ አይገባም፤ እውነት ነው። ከበራ ይገባል የሚለው ግን ሰው ይገድላል፣ ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳ።

ሻማ የሚጠፋው ኦክስጅን ከ21 በመቶ ወርዶ 16 አካባቢ ሲደርስ ነው። በዋሻ ውስጥ ግን ዋናው ጠላት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ከሥር፣ ከበሰበሰ ቅጠል፣ ከሞተ እንስሳ፣ ከወፍ ኩስ ይመነጫል። ታች 6 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢጨመር ኦክስጅኑ 19 እና 20 በመቶ መካከል ነው፤ ሻማው ይበራል። ሰውየው ግን 3 በመቶ ላይ ሥራ ሳይሠራ ማለክለክ ጀምሯል፣ 5 ላይ ራሱን ያመዋል፣ ሐሳቡም ይዘባረቃል፣ 10 ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይወድቃል። ያ የሐሳብ መዘባረቅ ነው አደገኛው፤ መውጣት እንዳለበት የሚያስብበት ጭንቅላት ነው ቀድሞ የሚደክመው።

ማዕድን ቆፋሪዎች የሚጠቀሙበት ባለአራት ጋዝ መለኪያ ኦክስጅንን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድንና ተቀጣጣይ ጋዝን ይለካል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን አብዛኛው አይለካም። ስለዚህ ስትዋሱ ወይም ስትገዙ ዝርዝሩን አንብቡ። ቢሮ ውስጥ የሚቀመጠው ርካሹ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ እንኳን እስከ 5000 ፒፒኤም፣ ማለትም ግማሽ በመቶ ድረስ ያነባል። ቁጥሩ ጣሪያ ነክቶ ከቆመ ተመለሱ ማለት ነው፤ ለእናንተ ይበቃል። በመረብ ከረጢት አድርጋችሁ ቪዲዮ ከሚቀርጽ ስልክና ከትንሽ መብራት ጋር በሲባጎ ታች አድርሱት፣ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ አውጥታችሁ ቪዲዮውን እዩ።

መለኪያ ከሌለ ጉድጓዱ አይወረድም። ችቦ፣ ከሰል፣ ሞተር ያለው ነገር ውስጥም አፉ ላይም አይነሳ። አንድ ሰው ታች ወድቆ ካያችሁት ደግሞ ተከትላችሁ አትውረዱ። በውሃ ጉድጓድና በእህል ጉድጓድ አንዱ ወድቆ ሁለትና ሦስት ሰው የሚሞተው ተከታዩ ሊያወጣ ስለሚገባ ነው።

ገመድና_ቋጠሮ፦
በመሰላሉ ላይ ድሬን በግማሽ እደግፋለሁ። ከአምስት ሜትር በታች ለሆነ ቀጥ ያለ ግድግዳ መሰላል ከመጥፎ ገመድ ይሻላል። ግን በምስማር ብቻ የተመታ እርከን እርጥበት ሲያገኘው ይለቃል፤ እርከኑ በጎድጎድ ገብቶ በሽቦ ይታሰር። የመሰላሉ አናት ከጉድጓዱ ጠርዝ አንድ ሜትር ከፍ ይበል፣ ከዐለት ጋር ይታሰር። የሚወርደው ሰው አሁንም ቀበቶ ታጥቆ ከላይ በሚያዝ ገመድ ይጠበቃል። እንጨቱ ሳይላጥ አይግባ፤ ቅርፊቱ ጭቃ ሲነካው ያንሸራትታል።

ሄልሜትም ረስታችኋል። የግንባታ ቢጫ ሄልሜት ጎንበስ ስትል ይወድቃል፤ ከአገጭ ሥር የሚታሰር፣ ከሁለቱም ጎን በሁለት ሁለት ነጥብ የተያያዘ ማሰሪያ ከሌለው ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ አሰፉለት። የሞተር ሳይክሉ ደግሞ ዓይንና ጆሮ ይሸፍናል፣ አይሆንም። ኮንጎ ጫማ በእርጥብ ኖራ ድንጋይ ላይ በረዶ ነው፤ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ወፍራም ሶል ያለው ቦት ጫማ ይሁን። ቱታና የሥራ ጓንት፣ በቃ።

ነርሷ፦
እኔ ስለ ሽኮኮውና ስለ ወፎቹ ልጻፍ፤ ማንም ትኩረት አልሰጣቸውም።

ሽኮኮ የሞላበት ገደል ማለት ለቁንጭር የተመቸ ቦታ ማለት ነው። ጥገኛው የሚኖረው ሽኮኮው ላይ ነው፣ ወደ ሰው የምታሻግረው በዐለት ስንጥቅና በዋሻ አፍ የምትውል ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ናት። የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ከገደሉ ራቁ፤ እጅጌ ረጅም ይሁን፣ ፊትና ጆሮ ላይ የትንኝ መከላከያ ተቀቡ። ቁስሉ የሚወጣው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። የማይድን ብጉር የሚመስል ነገር ፊታችሁ ላይ ከወጣ በቅባት አታለባብሱት፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የወፉ ኩስ ደርቆ ሲቦን ሂስቶፕላዝማ የተባለ ፈንገስ ይነሳል። ከ3 እስከ 17 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የደረት ሕመም ያመጣል፤ ከሳንባ ምችና ከቲቢ ጋር ይምታታል። ስለዚህ ለሐኪሙ ዋሻ መግባታችሁን ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። ሰማያዊው የአፍ መሸፈኛ አይጠቅምም፤ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 ያስፈልጋል፣ ጺም ካለ ደግሞ አይገጥምም፣ ተላጩ። የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኩስ ወዳለበት ክፍል አይግባ።

ወፎቹን ከውጭ፣ ከገደሉ ራቅ ብላችሁ ለዩ። አመሻሽ ላይ ሲወጡ ክንፋቸው ተዘርግቶ ግማሽ ሜትር የሚያልፍ፣ መብራት ሲነካቸው ዓይናቸው የሚያበራ ከሆኑ ፍራፍሬ በሊታዎቹ ናቸው፤ ማርበርግ ቫይረስን የሚሸከመው ዝርያ ከእነሱ ወገን ነው። ኬንያ፣ ኤልጎን ተራራ ላይ ያለውን ኪቱም ዋሻን ከጎበኙ በኋላ በ1980 እና በ1987 እ.ኤ.አ. ሁለት ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኡጋንዳ ውስጥ ፓይተን ዋሻን የጎበኘች ሆላንዳዊት ሞታለች። እኛም አገር በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ጂንካ ላይ ወረርሽኙ ታውጇል። እንደዚህ ዓይነት ወፍ በብዛት ካለ ምክሬ አጭር ነው፤ አትግቡ። ትንንሾቹ ትንኝ በሊታዎች ከሆኑ በማስክ፣ በጓንትና ድምፅ ቀንሶ ይቻላል። ወፍ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሂዱ፤ ቁስሉ ከመርፌ ጫፍ ያነሰ ቢሆንም።

አፉ አካባቢ ነጭ የደረቀ ፋንድያ ካያችሁ የጅብ ነው፤ አጥንት ስለሚበላ ነው የሚነጣው። ትኩስ ከሆነ ዋሻው ባለቤት አለው።

ከሃይፋ፦
ነርሷ ያልጠቀሰችውን አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ እስራኤል ላላችሁ በተለይ። እዚህ «የዋሻ ትኩሳት» የሚባል በሽታ አለ፤ በዋሻ ወለል አቧራ ውስጥ የሚደበቅ ለስላሳ መዥገር ነው የሚያስተላልፈው። ሳያሳምም ነክሶ በአጭር ጊዜ ይለቃል፣ ስለዚህ ሰውነት ላይ ተጣብቆ አታገኙትም። ትኩሳቱ መጥቶ ይለቅና ከቀናት በኋላ ያገረሻል። የደም ምርመራው ትኩሳቱ ባለበት ሰዓት ቢደረግ ነው የሚገኘው፤ በዶክሲሳይክሊን ይታከማል። ወለል ላይ መቀመጥና መተኛት፣ ጃኬት መሬት ላይ መጣል ይቅር። ጃርት ወይም ሌላ እንስሳ የሚያድርበት ጥግ ደግሞ ይብሳል። የወጣችሁበትን ልብስ በፌስታል አስራችሁ ለብቻ በሙቅ ውሃ እጠቡ። ደግሞም እዚህ በ1978 እ.ኤ.አ. በወጣው የጥንታዊ ቅርስ ሕግ ያገኛችሁት ሸክላና ሳንቲም የመንግሥት ነው፤ የግለሰብ እርሻ ውስጥ መሆኑ ምንም አይለውጥም።

ባትሪ_ነጋዴ፦
ለሦስት ሰው ሁለት የግንባር ባትሪ አይበቃም። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት መብራት ነው፦ አንዱ ሄልሜቱ ላይ፣ ተመሳሳዩ ኪሱ ውስጥ፣ ሦስተኛው ትንሽ የእጅ ባትሪ በአንገት ገመድ። ስልክ መብራት አይባልም፣ ለመደወያና ለካሜራ ይቆይ።

ገበያ ላይ «9900» የተጻፈበት የ18650 ድንጋይ (የግንባር ባትሪ ውስጥ የሚገባው፣ ቻርጅ የሚደረገው) ሞልቷል፤ ሁሉም ውሸት ነው። በዚያ መጠን ደህና የተባለው 3500 ሚሊ አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። ለመለየት የወርቅ ቤት ሚዛን ይበቃል፤ ደህናው 45 ግራም ገደማ ነው፣ በ30ዎቹ ውስጥ ያለው ባዶ ሆዱን ነው። ከጉዞው በፊት ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ በምትጠቀሙበት የብርሃን ደረጃ ቤት ውስጥ አብርታችሁ እስኪጠፋ ደቂቃውን ቁጠሩ፣ በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ባትሪው ላይ ለጥፉ። ሲሶው ለመግቢያ፣ ሲሶው ለመውጫ፣ ሲሶው አይነካም። መካከለኛው ደረጃ፣ 150 ሉመን አካባቢ፣ ይበቃል።

መርሐቤቴ_ቆላ፦
አመሰግናለሁ፣ ዕቅዱን ቀይሬዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን እስከ ጉድጓዱ ጫፍ ብቻ፣ በሲባጎና በጋዝ መለኪያ። ሦስት ጥያቄ ቀረኝ። አጥንት በእርግጥ ብናገኝስ? ውጭ የሚቀረው ሰው ምን ያድርግ? አጎቴ ደግሞ ፍየልና ልጅ እንዳይገባ አፉን በላሜራ ሊዘጋው ይፈልጋል፤ ይሁን?

የወረዳ_ሰው፦
አጥንት፣ ሸክላ፣ የእንጨት ሳጥን፣ ብራና፣ ምንም ይሁን ምን፣ እጅ አይነካውም። ጎኑ ሜትር ወይም እስክሪብቶ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱ፣ ከአፉ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ጻፉና በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ። በአዋጅ 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግና መቆፈር ክልክል ነው፤ በአጋጣሚ የተገኘ ደግሞ ሪፖርት መደረግ አለበት። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አስገቡ፣ ገቢ የተደረገበትን ቅጂ ያዙ። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ከጫናችሁት በሳምንቱ ቆፋሪ ይደርሳል።

ካቡ ራሱ ቅርስ ሊሆን ይችላል፤ በሰሜን ሸዋ ሰው በክፉ ቀን የተጠለለባቸው ዋሻዎች ብዙ ናቸው። በመንዝ የዘረት ዋሻን አስታውሱ፤ በ1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር የተጠለለውን ሕዝብ በመርዝ ጋዝና በጥይት የፈጀበት ነው፣ አጽሙ እዚያው አለ። እንዲህ ባለ ቦታ ቀለሃ፣ ቦምብ ወይም የብረት በርሜል ብታዩ ፎቶ እንኳን ለማንሳት አትጠጉ፤ ለፖሊስ ነው።

ገመድና_ቋጠሮ፦
አራተኛ ሰው ጨምሩ። ሦስት ገብቶ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቆያል፣ አንዱ ይወጣል። ውጭ ያለው ደግሞ ኔትወርክ የሚይዝበትን ቦታ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ሸለቆ ውስጥ አይይዝም ይሆናል። ጧት 3 ሰዓት ግቡ፣ 7 ሰዓት ውጡ፣ 9 ሰዓት ላይ ካልወጣችሁ ይደውላል። ያኔ «ትንሽ ልጠብቅ» የለም፤ ተከትሎ መግባትም የለም። ወረዳ ላይ የዋሻ አዳኝ ቡድን የሚባል ነገር ስለሌለ የጤና ጽሕፈት ቤቱን የአምቡላንስ ሹፌር ስልክ አስቀድማችሁ ያዙ፤ የቀይ መስቀል 907 ነው። ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ስልኩ ሊዘጋ ይችላል። ከመንገድ እስከ ዋሻው አልጋ ተሸክሞ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አጎትህን ጠይቅ፤ ለገበሬው ያልተነገረ ጉዞ ተሸካሚ አያገኝም።

ኖራድንጋይ፦
ካርታውን በተመለከተ፦ 30 ሜትር የጨርቅ ሜትር፣ ኮምፓስ፣ እርሳስና ውሃ የማይበላው ደብተር። ከጣቢያ (ከመለኪያ ነጥብ) ወደ ጣቢያ ርቀት፣ አቅጣጫና ዝንባሌ፣ በእያንዳንዱ ጣቢያ ደግሞ ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ በግራ፣ በቀኝ፣ በላይና በታች ምን ያህል እንደሚርቁ። ኮምፓሱን ከግንባር ባትሪው ግማሽ ሜትር አርቁት፤ የባትሪው ድንጋይና ማግኔት መርፌውን ያስቱታል፣ ብዙ ካርታ የሚጣመመው በዚህ ነው። ወደ ኋላም ለኩ፤ ልዩነቱ ከሁለት ዲግሪ ካለፈ ድገሙ። ሲጠናቀቅ ካርታውን ከላይ ካለው ማሳ ጋር አነጻጽሩት። ዋሻው ከአጎትህ ጎተራ ወይም ከከብት በረት ሥር ቀረብ ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ያ እሳቸው ማወቅ የሚገባቸው ነገር ነው።

በያጅ፦
ላሜራ አይሆንም። ነፋሱ ይታፈናል፣ የውስጡ እርጥበትና ሙቀት ይለወጣል፣ ወፎቹ ወይ ውስጥ ያልቃሉ ወይ ይሰደዳሉ፤ በቆላ ደግሞ ትንኝ የሚበሉላችሁ እነሱ ናቸው። ለጊዜው የእሾህ አጥር በቂ ነው፣ ከላይ ግማሽ ሜትር ክፍት ትታችሁ።

በብረት ከሆነ አግዳሚ ዘንግ ነው። ባለ20 ፌሮ ወይም ወፍራም ቱቦላሬ በአግድም፣ በመካከላቸው 15 ሴንቲ ሜትር ክፍተት፤ ቋሚዎቹ ቢያንስ በ60 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፣ ወፍ የምታልፈው ወደ ጎን ክንፏን ዘርግታ ነውና። መጀመሪያ ግን በሸምበቆ ተመሳሳዩን ሠርታችሁ ሁለት ሦስት ምሽት ከራቅ ብላችሁ እዩ፤ ወፎቹ ከደጅ እየተሽከረከሩ ካልገቡ ያ መጠን አልሆነላቸውም። ብየዳው ቤት ተሠርቶ ይምጣ፣ ዋሻው አፍ ላይ አይበየድ፤ ነፋሱ ወደ ውስጥ በሚዞርበት ሰዓት ጭሱ ይሳባል። ማያያዣው ካቡን አይንካ፣ ዐለቱ ላይ ይቦርቦር። ከአግዳሚዎቹ አንዱ ተንሸራቶ የሚወጣ ይሁንና ጓጉንቸሩ በውስጥ በኩል ይሁን፤ እጅ በቱቦ ገብቶ የሚከፍተው ከሆነ በመዶሻ አይሰበርም። ሁለት ቁልፍ አሠሩ፣ አንዱ አጎትህ ጋ፣ አንዱ ቀበሌ።